ኦቨርሎክ ከልብስ ውጭ፤ ለቤት ጨርቆች ጠርዝ የትኛውን እንምረጥ?

በጎጃም ከተሞች፣ በባሕር ዳርም ሆነ በደብረ ማርቆስ፣ በሞጣም ሆነ በቡሬ፣ ኦቨርሎክ የሚባለው መኪና አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው በልብስ ሰፊዎች ቤት ነው፤ ሥራውም የተሰፋ ሱሪ ወይም ቀሚስ ውስጡ እንዳይተረተር ጠርዙን መዘምዘም ነው። ለቤት የሚሆነውን ትንሹን ዓይነት ከውጭ አገር ዘመድ የተላከለት ወይም ከገበያ የገዛ ቤተሰብ ግን ብዙም ሳይቆይ አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል። ልብሳችንን ተሰፍቶ እየገዛን ይህ መኪና ምን ይሠራልናል? መልሱ ከቁም ሣጥኑ ውጭ ባሉት ጨርቆች ዘንድ ይገኛል፤ በመጋረጃው፣ በአንሶላው፣ በመሶብ መሸፈኛው፣ በሶፋው ልብስ፣ በአጎበሩ፣ በሕፃኑ መጠቅለያና በወጥ ቤቱ ጨርቅ። ይሁን እንጂ እነዚህ ሁሉ በኦቨርሎክ ይሠሩ ማለት አይደለም። አንዳንዱ በተራው ስፌት መኪና ሲቀመቀም፣ አንዳንዱም እንደ ጥንቱ በእጅ ሲቋጭ ይበልጥ ያምራል፤ ዕድሜውም ይረዝማል። ስለዚህ ምርጫው በመኪናዎች መካከል ከመሆኑ በፊት በጠርዞች መካከል ነው።

አንድን ጨርቅ በእጁ ይዞ የሚወስን ሰው ራሱን ሦስት ነገር ቢጠይቅ ይበቃዋል እላለሁ። ጨርቁ በወር ስንት ጊዜ ይታጠባል? ጠርዙ ከሁለቱም ፊት ይታያል ወይስ አንዱ ፊት ይደበቃል? ሽመናው ጠበቅ ያለ ነው ወይስ የሳሳ?

መኪናው የሚሠራውና የማይሠራው

ኦቨርሎክ በአንድ ጉዞ ሦስት ሥራ ያጣምራል። ቢላው ትርፉን ጨርቅ ይቆርጣል፣ መርፌው ድርቡን ይሰፋል፣ ሉፐር የሚባሉት ሁለት ጠማማ ክንዶች ደግሞ የተቆረጠውን ጫፍ በክር ይጠቀልሉታል። ቦቢን ስለሌለው የታች ክር አልቆ ስፌቱ መሀል ላይ አይቋረጥም፤ በምትኩ ሦስት ወይም አራት ጥቅል ክር በአንድ ጊዜ ይበላል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1881 በአሜሪካ ኮነቲከት ግዛት ጆሴፍ ሜሮው የሠራው የመጀመሪያው ዓይነት የክሮሼ ማሽን ይባል ነበር፤ በእጅ በመንጠቆ የሚሠራውን የጠርዝ ጌጥ የሚተካ ነበርና ዛሬ አንዲት እመቤት ኦቨርሎኩን ለረከቦት ጨርቅ ጌጥ ብታውለው መኪናውን ወደ መጀመሪያ ሥራው መለሰችው እንጂ ከመንገዱ አላስወጣችውም።

የማይሠራውም ብዙ ነው። ዚፕ አይተክልም፣ የቁልፍ ቀዳዳ አያወጣም፣ በጨርቁ መሀል ኪስ አይለጥፍም፤ ሥራው ሁሉ ጠርዝ ላይ ነው። ስፌት መኪና የሌለው ቤት መጀመሪያ መግዛት ያለበት ስፌት መኪናውን ነው፤ በዚህ ላይ ማመንታት አያስፈልግም። ዚግዛግ የሚሰፋ ተራ መኪና ካለም በዓመት ሁለት መጋረጃና አራት የትራስ ልብስ ብቻ የሚሰፋ ሰው ኦቨርሎክ ሳይገዛ ቢቀር የሚጎድልበት ነገር ጥቂት ነው። ዚግዛጉ ቀስ ይላል፣ የተቆረጠውንም ጫፍ እንደ ኦቨርሎክ አይጠቀልለውም፤ ቢሆንም ጠበቅ ብሎ የተሸመነን ጨርቅ ከመተርተር ያድነዋል።

የሸማኔ ሥራ፤ ጋቢ፣ ኩታ፣ ነጠላ

ለጎጃም አንባቢ ከሁሉ የሚከብደው ምርጫ እዚህ ላይ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልጽፍበት። በቤታችን መሀሉ ሳስቶ ጠርዙ ገና ያላለቀ ጋቢ ወይም ቡልኮ አይታጣም። እንዲህ ያለው ጨርቅ ለልጅ ብርድ ልብስ፣ ለትራስ ልብስ፣ ለመሶብ መሸፈኛ ወይም ለወንበር መደገፊያ ሊቆረጥ ይችላል፤ ከተቆረጠ በኋላ ግን የእጅ ሽመና እንደ ፋብሪካ ጨርቅ አይታገሥም። በባሕር ዳር በ1953 ዓ.ም. እንደተቋቋመው ፋብሪካ ባሉ ቦታዎች በማሽን የሚሸመን የጥጥ ጨርቅ ድሩና ማጉ ተጠጋግቶ ስለሚቀመጥ ጠባብ የኦቨርሎክ ስፌት ይበቃዋል። ማጉ ላላ ያለው የሸማኔ ሥራ ላይ ግን ያው ጠባብ ስፌት የሚይዘው ጥቂት ክሮችን ብቻ ነው፤ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው እጥበት ጠርዙ እንዳለ፣ ክሩን እንደ ጠቀለለ፣ ከጨርቁ ተላቆ ይወጣል።

ለዚህ ሁለት መድኃኒት አለ። አንደኛው ጨርቁን ከመቁረጥ በፊት አጥቦ ማድረቅ ነው፤ የሸማኔ ጥጥ ሲታጠብ ይሰበሰባልና ሽመናው ራሱ ይጠብቃል። ሁለተኛው የቀኙን መርፌ አውጥቶ በግራው ብቻ ባለ 3 ክር ሰፊውን ስፌት፣ ማለትም ከ5 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ወርድ ያለውን፣ መምረጥ ሲሆን ጨርቁ በጣም የሳሳ ከሆነ ደግሞ ኦቨርሎኩ ከመግባቱ አስቀድሞ በተራው መኪና አንድ ቀጥ ያለ መስመር ከሚቆረጥበት በስተውስጥ በ4 ሚሊ ሜትር ገደማ መስፋት ነው። የስፌቱን እርምጃ፣ ማለትም የአንዱን ስፌት ርዝመት፣ ከልክ በላይ ማሳጠር ግን ጠርዙን ያደርቀዋል፣ እንደ ማዕበልም ያጥፈዋል፤ 2.5 ሚሊ ሜትር አካባቢ ለጋቢ ይስማማዋል።

ሙሉ የሆነ ነጠላን ወይም ኩታን በተመለከተ ግን ሐሳቤ የተለየ ነው። የነጠላ ጫፍ በእጅ የሚቋጨው ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ ድሩ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ሲጠመዘዝና ሲታሰር ማጉ ከዚያ አልፎ እንዳይወጣ ያግደዋል፤ ጫፉም እንደ ጨርቁ ልስልስ ሆኖ ይወድቃል። ኦቨርሎክ የተመታ ነጠላ ጫፉ ላይ ሽቦ የገባበት ይመስላል። ፍጥነትን ብሎ ቁጭቱን ቆርጦ የሚጥል ሰው ካለ መኪናውን ለሌላ ሥራ ቢያቆየው ይሻላል። ጥለቱም እንዲሁ ነው። እኔ ራሴ ከእናቴ ያረጀ ኩታ ሁለት የትራስ ልብስ ለማውጣት ስሞክር ዓይኔን መርፌው ላይ አድርጌ ቢላውን ረሳሁት፤ ቢላው ከመርፌው በስተቀኝ፣ ቀድሞ እንደሚሄድ የማውቀው ሰው፣ አንድ ክንድ ያህል ጥለት ጠርቤ ጣልኩ። የተሳሳተ ስፌት ይፈታል፤ በቢላ የሄደ ጥለት ግን አይመለስም። ከዚያ ወዲህ ጥለት ካለበት ወገን ቢላውን አጥፌ፣ እጥፉን በተራው መኪና ቀምቅሜ እሠራለሁ፤ ኦቨርሎኩ የሚገባው በሦስቱ ቀሪ ጎኖች ብቻ ነው።

ስስ ጨርቅ፤ ጥቅል ጠርዝ ወይስ ድርብ ቅምቀማ

ለቮይል መጋረጃ፣ ለረከቦት ጨርቅ፣ ለጠረጴዛ ልብስና በእንግዳ ፊት ለሚቀርብ የእጅ መጥረጊያ ምርጫው በሁለት ነገሮች መካከል ነው። አንደኛው ጠርዙን ሁለት ጊዜ አጥፎ በተራው መኪና መቀምቀም ሲሆን ሁለተኛው ኦቨርሎክ የሚሠራው ጥቅል ጠርዝ ነው። ለጥቅሉ የግራው መርፌ ይወጣል፣ የስፌቱ ጣት (ክሩ የሚጠቀለልበት ትንሽ ብረት) ይነሳል ወይም በማንሻው ወደ ኋላ ይመለሳል፣ የታችኛው ሉፐር ቴንሽን (የክሩ ውጥረት) ይጠብቃል፣ እርምጃውም ወደ 1 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። ያን ጊዜ ጨርቁ ራሱ ወደ ታች ተጠቅልሎ 2 ሚሊ ሜትር የማይሞላ፣ በላይኛው ሉፐር ክር የተሸፈነ ክብ ጠርዝ ይወጣል።

ከሁለቱም ፊት ለሚታይ ስስ ጨርቅ ያለ ጥርጥር ጥቅሉን እመርጣለሁ። መጋረጃው በብርሃን ፊት ሲሰቀል ድርብ ቅምቀማ እንደ ጥቁር መስመር ይታያል፤ ጥቅሉ ግን አይታይም። ክብ ለሆነ ጨርቅ፣ ለምሳሌ ለመሶብ መሸፈኛ፣ ልዩነቱ ይሰፋል፤ ክብ ጠርዝን ሁለት ጊዜ አጥፎ ሳይጨማደድ መቀምቀም የሰለጠነ እጅ ይፈልጋል፣ ኦቨርሎኩ ግን ዙሪያውን ተከትሎ ይሄዳል። ሽፋኑን ሲቆርጡ የመሶቡን ክዳን ዙሪያ ለክቶ ቢያንስ አንድ ጣት ወርድ ትርፍ መተው ያስፈልጋል፤ ቢላው ከዚያ ላይ ይበላል።

ጥቅሉ የሚወድቅበት ቦታም አለ። ወፍራም ጨርቅ አይጠቀለልም፤ ጋቢን ወይም ጅንስን በዚህ ስፌት መሞከር መርፌ መስበር ነው። ሻካራ ወይም ላላ ያለ ጨርቅ ላይ ደግሞ ከክሩ መሀል ትንንሽ ጭረቶች እንደ ፂም ብቅ ብቅ ይላሉ፤ የስፌቱን ወርድ በጥቂቱ ማስፋት ወይም ላይኛው ሉፐር ላይ ለስላሳና ተለጣጭ ናይለን ክር ማስገባት ይሸፍናቸዋል። ይህ ናይለን ክር ለሻማና ለጋለ ካውያ አይመችም፤ ይቀልጣል። በየሳምንቱ በካውያ የሚተኮስ የጠረጴዛ ልብስ ያለው ሰው በጥጥ ወይም በፖሊስተር ክር ይወሰን፤ ለጥጥ የሚሞቅ ካውያም በናይለን ላይ አይለፍ።

ማዕዘን ላይ ጀማሪ ሁሉ ይደናገራል። ቀላሉ መንገድ አንዱን ጎን ከዳር እስከ ዳር ጨርሶ፣ ክሩ ከጨርቁ ውጭ ሰንሰለት እስኪሠራ መንዳትና ቀጣዩን ጎን እንደ አዲስ መጀመር ነው። የተረፈውን ሰንሰለት በመቀስ ብቻ መቁረጥ ይፈታዋልና በዓይነ ሰፊ መርፌ ወደ ስፌቱ ውስጥ ሁለት ሣንቲ ሜትር ያህል መልሶ ማስገባት ይገባል። ሌላው አማራጭ ማዕዘኑን በሲኒ ማስቀመጫ አስለክቶ ክብ ማድረግ ነው፤ ለረከቦት ጨርቅ ይህ ይበልጥ ያምራል።

በየቀኑ የሚታጠበው

የወጥ ቤት ጨርቅ፣ የሊጥ መሸፈኛ፣ የሰሃን ማድረቂያ፣ ካረጀ ፎጣ የሚወጣ የእጅ መጥረጊያና የሕፃን የሽንት ጨርቅ በኦቨርሎክ መሠራት ያለባቸው ናቸው፤ ምክንያቱ ውበት ሳይሆን ክረምት ነው። በአዊና በደብረ ማርቆስ ዙሪያ በሐምሌና በነሐሴ ጨርቅ አጥቦ ማድረቅ ስንት ቀን እንደሚወስድ የሚያውቅ ሰው ሦስት ድርብ የሆነ ቅምቀማ ከመሀሉ በኋላ ለረጅም ጊዜ እርጥብ ሆኖ እንደሚቆይና እንደሚሸት ያውቃል። ባለ 3 ክር ሰፊ ስፌት ጠርዙን አንድ ድርብ ብቻ አድርጎ ስለሚያስቀረው ከቀሪው ጨርቅ ጋር እኩል ይደርቃል። ከፎጣ ላይ የሚረግፈው ብናኝ ግን በቢላውና በሉፐሮቹ ሥር ይከማቻል፤ ከሁለት ከሦስት ፎጣ በኋላ በብሩሽ ካልተጠረገ መኪናው ስፌት መዝለል ይጀምራል።

ለሚታጠብ የወር አበባ መጠበቂያም ያው ምክንያት ይሠራል። ድርብ ቅምቀማ ቆዳ ላይ ይቆረቁራል፣ ለመድረቅም ይዘገያል፤ በለስላሳ ክር የተሠራ ባለ 3 ክር ጠባብ ጠርዝ ግን ከላዩ ያለውን የጥጥ ጨርቅ፣ ከመሀሉ ያለውን ፎጣና ከሥሩ ያለውን ጨርቅ በአንድ ጊዜ ይይዛል። የሚያያዝበትን ቁልፍ ወይም ማሰሪያ መስፋት የተራው መኪና ወይም የእጅ ሥራ ነው።

አራተኛው ክር መቼ ያስፈልጋል? ጠርዝን ለመሸፈን ብቻ ከሆነ አያስፈልግም። ሁለት ጨርቅ የሚጋጠምበትና የሚሳብ ቦታ ላይ፣ እንደ ትራስ ልብስ፣ የሶፋ ልብስና የገበያ ዘንቢል ሽፋን ባሉት ላይ፣ ሁለተኛው መርፌ እንደ ዘብ ያገለግላል፤ አንዱ ክር ቢበጠስ ሌላው ይይዛል። የሶፋ ልብስ ብዙ ጊዜ የሚተረተረው ሰው በሚቀመጥበት ማዕዘን ላይ ስለሆነ እዚያ ላይ ባለ 4 ክሩ ስፌት አልፎ በተራው መኪና አንድ መስመር ቢጨመርበት እመክራለሁ። የማዳበሪያ ከረጢት ቆርጦ ዘንቢል ለመሥራት የሚያስብ ሰው ደግሞ ቢላውን ያስብ፤ ፕላስቲኩ ቶሎ ያደነዝዘዋል፣ ይህን በጆንያ መርፌ መስፋት ይሻላል።

ብርድ ልብስ፣ ቁርጥራጭና አጎበር

ደጋ ላይ ለሚኖር ቤተሰብ ፖላር የሚባለው ጨርቅ ጥሩ ነገር ነው፤ አይተረተርም፣ ቶሎም ይደርቃል። ሁለት ቁራጭ ፖላርን በተለመደው መንገድ ሲያጋጥሙት መጋጠሚያው ወፍሮ ከጎን በታች እንደ ገመድ ይሰማል። እዚህ ላይ ፍላትሎክ የሚባለው ስፌት ወደር የለውም። የመርፌው ቴንሽን ይላላል፣ ሁለቱ ጨርቆች ተደራርበው ጠርዝ ለጠርዝ ይሰፋሉ፣ ከዚያ በሁለት እጅ ሲሳቡ መጋጠሚያው ተዘርግቶ ሜዳ ይሆናል፤ በአንዱ ፊት ወፍራሙ ክር፣ በሌላው ፊት የመሰላል ቅርጽ ይታያል። ላይኛው ሉፐር ላይ በአረንጓዴ፣ በቢጫና በቀይ ክር ተራ በተራ ቢሠራ ከልብስ ሰፊ ቤት ከተሰበሰበ ቁርጥራጭ እንኳ የሚታይ ነገር ይወጣል። በተለጣጭ ጨርቅ ላይ ጠርዙ እንዳይወዛወዝ ጨርቁን ከሥር የሚስቡትን የፊትና የኋላ ጥርሶች የፍጥነት ንጽጽር (ዲፈረንሺያል ፊድ) ከ1 ወደ 1.5 ወይም ከዚያ በላይ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ለስስ ቮይል በተቃራኒው ወደ 0.7 ይወርዳል። ይህ ማስተካከያ የሌለው ኦቨርሎክ ለቤት ጨርቅ ግማሹን ጥቅም ያጣል።

በጣና ዙሪያና በዓባይ በረሃ አፋፍ አጎበር የማይቀር ዕቃ ነው። የአብዛኛው አጎበር መረብ የማይተረተር ስለሆነ ጠርዙ መዘምዘም አይፈልግም፤ የተቀደደውን ቦታ በሌላ አሮጌ አጎበር ቁራጭ ለመድፈን ግን ባለ 3 ክር ሰፊ ስፌት በዝቅተኛ ቴንሽን ይበቃል። መድኃኒት የተነከረ ስለሆነ ከሥራ በኋላ እጅን መታጠብ ይገባል።

ክርና መኪና

ከመግዛት በፊት ሊታሰብ የሚገባው ትልቁ ወጪ ክር ነው። ተራው መኪና ለአንድ ሜትር ስፌት 2.5 ሜትር ያህል ክር ሲበላ ባለ 3 ክር ኦቨርሎክ 14 ሜትር ገደማ ይበላል። 2 ሜትር በ2.5 ሜትር የሆነ አንሶላ ዙሪያው 9 ሜትር ነውና በተራው መኪና አንድ መስመር ሲሰፋ 23 ሜትር፣ በኦቨርሎክ ሲዘመዘም 126 ሜትር ክር ይሄዳል። የፋብሪካ ጨርቅ ሁለቱ ዳር ተሸምኖ ያለቀ ስለሆነ እነዚያን ሳይነኩ የተቆረጡትን ሁለት ጎኖች ብቻ መዘምዘም ወጪውን በእጅጉ ይቀንሳል። በጥቅል ጠርዝ ላይ የሚታየው የላይኛው ሉፐር ክር ነው፤ ስለዚህ በየቀለሙ አንድ አንድ ጥቅል ገዝቶ ለቀሩት ነጭ ወይም ግራጫ መጠቀም ይቻላል። ስፌቱ ያለ ጨርቅ ሲነዳ የሚወጣው ሰንሰለትም አይጣልም፤ ለሰሃን ማድረቂያ መስቀያ የሚሆን ጠንካራ ቀለበት ይወጣዋል።

መኪናውን በተመለከተ የፋብሪካው ዓይነት በደቂቃ ከ5,000 ስፌት በላይ ሲሰፋ የቤቱ ዓይነት እስከ 1,300 ወይም 1,500 ድረስ ይሄዳል። የፋብሪካው ጠንካራና ለጥገና የተለመደ ቢሆንም ጠረጴዛውና ሞተሩ ቦታ ይይዛል፣ ዘይት ይፈልጋል፣ ከወፍራም ወደ ስስ ጨርቅ፣ ከተራ ስፌት ወደ ጥቅል መለዋወጡም አይቀልም፤ ለአንድ ዓይነት ሥራ የተሠራ ነውና። በአንድ ከሰዓት መጋረጃም ፖላርም የሚሠራ ቤት የቤቱን ዓይነት ይምረጥ። ከአሜሪካ ለሚመጣ መኪና ደግሞ ሞተሩ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ግድ ነው፤ እዚያ 120 ቮልት ሲሆን የእኛ 220 ስለሆነ ቢያንስ 300 ዋት የሚሸከም ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ኦቨርሎክ ብቻውን አያስተማምንም፤ በእግር የሚነዳው አሮጌ ሲንጀር አጠገቡ ቢቆም ይመረጣል።

በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ብዙ ጠርዝ የሚኖረው ቤተሰብ፣ ለፋሲካ ወይም ለሠርግ የሶፋና የመጋረጃ ልብስ የሚያድስ ለምሳሌ፣ ጨርቁን ቆርጦና አጥቦ ወደ ልብስ ሰፊ ወስዶ ማስዘምዘሙ ከመግዛት ይረክሳል፤ ስፌቱ ሰፊ ወይም ጠባብ፣ ባለ 3 ወይም ባለ 4 ይሁን ብሎ አስቀድሞ መንገር ግን የባለ ጨርቁ ፋንታ ነው፤ ካልተነገረው ልብስ ሰፊው ለሱሪ ባዘጋጀው ስፌት ይሠራዋል።

ለመግዛት የቆረጠ ሰው ወደ ሱቁ ሲሄድ ሦስት ቁራጭ ጨርቅ ይዞ ይሂድ፤ የጋቢ፣ የፎጣና የቮይል። ሻጩ በሦስቱም ላይ እንዲሰፋ ይጠይቅ፣ በቮይሉ ላይ ወደ ጥቅል ጠርዝ ሲቀይረው ስንት ደቂቃ እንደፈጀበት ይመልከት፣ ከዚያም ክሩ ሁሉ ተመዞ እንደ አዲስ እንዲገባ ያድርግ። ብዙውን ጊዜ ላይኛው ሉፐር ይቀድማል፣ ታችኛው ይከተላል፣ መርፌዎቹ መጨረሻ ናቸው፤ መርፌው ቀድሞ ከገባ ክሩ ከሉፐሩ ጋር ተጠላልፎ ወዲያው ይበጠሳል። ገዢው በራሱ እጅ አንድ ጊዜ አስገብቶ ሳይሰፋ ከሱቁ አይውጣ።